ፊዳችሁን ማን ይምረጥላችሁ? ከፌስቡክ እስከ ብሉስካይ የተሰጡን ቁልፎች ሲነጻጸሩ

«ፌስቡክ ተበላሽቷል» የማይል ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል። አንዱ የጓደኞቹ ፖስት እንደማይመጣለት ያማርራል። ሌላዋን የኮመንት ስድብ አሰልችቷታል። አንድ አባት ደግሞ ልጁ ቲክቶክ ላይ ምን እያየ እንደሆነ ጨንቆታል። ሁሉም «ተበላሽቷል» ይላሉ እንጂ ቅሬታቸው አንድ አይደለም። መፍትሔውም አንድ አይደለም።

ስለዚህ አፕ ከመቀየራችሁ በፊት ቅሬታችሁን ለዩት። አንደኛው የቅደም ተከተል ቅሬታ ነው፤ የፊድ፣ ማለትም አፑን ስንከፍት የሚደረደርልን የፖስት ዝርዝር ጉዳይ። የምፈልገው ታች ተቀብሮ የማልፈልገው ለምን ላይ ይወጣል? ይህን የሚወስነው አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ምን እንደሚታያችሁ የሚመርጠው የኩባንያው ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው የጥበቃ ቅሬታ ነው። ስድቡ፣ ዛቻው፣ የሐሰት ወሬው ለምን አይነሳም? ይህን የሚወስኑት የኩባንያው ደንብና ደንቡን የሚያስፈጽሙት ሰዎችና ማሽኖች ናቸው። አንዳንዱ መድረክ በመጀመሪያው ሙሉ ነጻነት ሰጥቶ በሁለተኛው ዞር ብሎም አያያችሁም። ቴሌግራም እንደዚያ ነው።

እኔ መድረኮቹ የሰጡንን ማስተካከያ ሁሉ (ቁልፍ የምለው ይህን ነው) የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ዛሬ ያስተካከልኩት ነገ እንደተስተካከለ ይጠብቀኛል ወይ? በአማርኛስ ይሠራል ወይ? ብዙ ቁልፍ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። የቀረው በሁለተኛው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ባላችሁበት ማስተካከል

ብዙዎቻችን ከፌስቡክ፣ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ አንወጣም። ሰዉ እዚያ ነው። ከዚያው እንጀምር።

ፌስቡክ በ2022 ፖስቶች ላይ «ሾው ሞር» እና «ሾው ሌስ» የሚሉ ምርጫዎችን አመጣ። ዛሬ በብዙ ስልክ ላይ «ኢንተረስትድ» እና «ኖት ኢንተረስትድ» ተብለው ነው የሚታዩት። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ ራሱ ሲያስተዋውቃቸው ውጤታቸው ለጊዜው እንደሆነ ተናግሯል። ፖስቱና መሰሎቹ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ፣ ከዚያ ነገሩ ይረሳል። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የመጣው «ፊድስ» የሚባለው ክፍል የተሻለ ነው። የጓደኞችን፣ የግሩፖችንና የፔጆችን ፖስት በጊዜ ቅደም ተከተል ያሳያል። የማታውቁትን ሰው ፖስት አይሰካም። ችግሩ አፑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት የሚቀበላችሁ ያው የድሮው ሆም መሆኑ ነው። ኢንስታግራም ላይ ያለው «ፎሎዊንግም» ከዚህ አይለይም። ይህ ጉዳይ በ2025 ጥቅምት ወር ኔዘርላንድስ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቢትስ ኦፍ ፍሪደም የተባለ የዲጂታል መብት ድርጅት ሜታን ከስሶ፣ የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ተጠቃሚው አልጎሪዝም ያልመረጠለትን ፊድ ከመረጠ ምርጫው ሊጸናለት ይገባል ብሎ ወሰነ። አፑ በተከፈተ ቁጥር ወደ አልጎሪዝሙ መመለስ የለም ማለት ነው። ውሳኔው የሚመለከተው እዚያ ያሉትን ነው። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ላለ ሰው አይደርስም። ግን አንድ ዳኛ የእኔን የመጀመሪያ ጥያቄ እንደ መብት ሲያየው ደስ ብሎኛል።

ከፌስቡክ ቁልፎች ሁሉ እኔ የምመርጠው አንፎሎውን ነው። ከሰውየው ጋር ጓደኛ እንደሆናችሁ ትቆያላችሁ፣ ፖስቱ ግን አይመጣባችሁም፣ እሱም አያውቅም። እኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአክስትን ልጅ አንፍሬንድ ማድረግ ሽማግሌ ያስልካል። አንፎሎው ድምፅ የለውም። አንዴ ካደረጋችሁት ደግሞ እናንተው እስክትመልሱት ይጸናል። ሰውየው የሚያስቸግረው በምርጫ ሰሞን ብቻ ከሆነ «ስኑዝ» ለ30 ቀን ዝም ያሰኘዋል። የምትወዷቸውን ደግሞ እስከ 30 ሰውና ፔጅ ድረስ «ፌቨሪትስ» ውስጥ አስገቡ፤ ፖስታቸው ወደ ላይ ይመጣል።

ዩቲዩብ ላይ ቁልፎቹ ይሠራሉ ወይ የሚለውን የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው ሞዚላ በ2022 ፈትሾታል። ከ22 ሺህ በላይ ፈቃደኞች ተሳትፈዋል። ውጤቱ ያሳፍራል። «ኖት ኢንተረስትድ» የሚለው ከማይፈለጉ ቪዲዮዎች ያስቀረው 11 በመቶውን ነው። ዲስላይክ 12 በመቶ። ቪዲዮውን ከታየው ዝርዝር ማጥፋት 29 በመቶ። ከሁሉ የተሻለው «ዶንት ሪኮመንድ ቻናል» ሆኖ እሱም 43 በመቶ ላይ ቆሟል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ቪዲዮውን ሳይሆን ቻናሉን ምቱ።

ከዚያም የጠነከረ ነገር አለ። የታዩ ቪዲዮዎችን ዝርዝር አጥፉና መመዝገቡን አስቁሙ። ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ይህን ያደረገ ሰው የዩቲዩብ መነሻ ገጽ ባዶ ይሆንለታል። መፈለጊያው ሳጥንና ሰብስክራይብ ያደረጋችኋቸው ቻናሎች ብቻ ይቀራሉ። መጀመሪያ ይጨንቃል፣ በኋላ ያሳርፋል። ይህ ቁልፍ ይጸናል፣ ቋንቋም አይመርጥም።

ቲክቶክ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ማንን ፎሎው ማድረጋችሁ ብዙ ለውጥ የለውም፤ የሚገዛችሁ «ፎር ዩ» ነው። በ2023 የመጣው «ሪፍሬሽ» የለመደባችሁን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ አካውንት ያስጀምራችኋል። ፎሎው ያደረጋችኋቸው አይነኩም። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከተጫናችሁ በኋላ መመለሻ የለም። ከሪፍሬሹ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። የማትፈልጉትን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይታችሁ ብትሳደቡም ለማሽኑ «ወደድኩት» እንዳላችሁት ነው። ቶሎ እለፉት።

ኤክስን (የድሮውን ትዊተር) ብዙ አልዘረዝርም። «ፎሎዊንግ» የሚለው ክፍል አለ፣ ለፖስታችሁ ማን እንደሚመልስ መወሰን ይቻላል። ብሎክ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከ2024 ኅዳር ጀምሮ ብሎክ ያደረጋችሁት ሰው ለሁሉም ክፍት የሆነ ፖስታችሁን ማየት ይችላል፣ መመለስ፣ ላይክ ወይም ፎሎው ማድረግ ነው የማይችለው። እየተከታተለ ለሚያስቸግር ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። ከኤክስ ነገሮች የምወደው «ኮሚዩኒቲ ኖትስ» ነው። ተጠቃሚዎች በፖስት ሥር ማስተካከያ ይጽፋሉ፣ ማስተካከያው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የማይስማሙ ሰዎች ሲስማሙበት ነው። ሜታም በ2025 ጥር አሜሪካ ውስጥ ከውጭ ሐቅ አጣሪዎች ጋር የነበረውን ሥራ አቁሞ ወደዚህ መንገድ እንደሚሄድ አስታውቋል። ሐሳቡ ያምራል። ግን በአማርኛ ለተጻፈ ፖስት ከየጎራው በቂ ሰው ተሰብስቦ እስኪስማማ ወሬው አገር ያዳርሳል ብዬ እፈራለሁ። ደግሞ እኛ መቼ ነው በቶሎ የምንስማማው?

ቃል ማገጃውና አማርኛ

ማየት የማትፈልጉትን ቃል ትጽፋላችሁ፣ ቃሉ ያለበት ፖስት ይደበቃል። ኤክስ፣ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ እንዲሁም ኤክስን የሚመስሉት ማስቶዶንና ብሉስካይ (ታች እመጣባቸዋለሁ) ሁሉም ይህ አላቸው። ወረቀት ላይ ከሁሉ ቁልፍ ይህ ይበልጣል። በአማርኛ ግን ብዙ ቦታ ያነክሳል።

ምክንያቱም ማገጃዎቹ በአብዛኛው የሚፈልጉት ሙሉ ቃል ነው። «ምርጫ» ብላችሁ ብታግዱ «የምርጫው»፣ «በምርጫ»፣ «ለምርጫችን»፣ «ምርጫዎች» ሁሉ ሊያልፉ ይችላሉ። የእኛ ቃል ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለበት ነው የሚኖረው። በዚያ ላይ ፊደሉ አለ። «ሰላም» እና «ሠላም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈውማ በየሰዉ ይለያያል። ተሳዳቢው ደግሞ በፊደሎቹ መሀል ነጥብ ወይም ኮከብ ጣል ያደርጋል።

ስለዚህ ቃል ስታግዱ ቤተሰቡን በሙሉ አግዱ። ዋናውን፣ የ፣ በ፣ ለ እና ከ የቀደሙትን፣ ብዙ ቁጥሩን፣ «ው» እና «ን» የተከተሉትን። ፊደል የሚቀያየርበት ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ። በላቲን የሚጻፍባቸውን የተለመዱ መልኮችና ሃሽታጉን ጨምሩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን አንዴ ተሠርቶ ያልቃል። ዝርዝሩን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡትና ወደ ሌላው አፕ ገልብጡት። ለጓደኛም ይላካል።

እዚህ ላይ ማስቶዶን ጎልቶ ይወጣል። ማገጃው «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚል ምልክት አለው። ምልክቱን ካነሳችሁት የቃሉን ሥር በየትም ቦታ ይይዛል፤ «ምርጫ» ብቻ ጽፋችሁ «የምርጫዎቹን»ም ታስቀራላችሁ። ለአማርኛ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። አጭር ቃል ላይ ግን ተጠንቀቁ። «በግ» ብላችሁ ካገዳችሁ «በግልጽ»፣ «በግድ» እና «በግራ» አብረው ይታረዳሉ። ሌላም ጥሩ ነገር አለው፤ ማገጃውን ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት ብቻ ማድረግ ይቻላል። የአርሰናልን ጨዋታ ማታ ተቀድቶ ለምታዩ ሰዎች ይህ ብቻ ይበቃችኋል።

የቲክቶክ ማገጃ የሚያነበው ቪዲዮው ላይ የተያያዘውን ጽሑፍና ሃሽታግ ነው። ሰውየው ዝም ብሎ ካሜራ ፊት የሚናገረው ያልፋችኋል።

የራሳችሁን ደጅ መጠበቅ

ፔጅ ወይም ቻናል ያላችሁ ሰዎች ጥያቄያችሁ ይለያል። እናንተ የምትፈልጉት በራሳችሁ ፖስት ሥር ማን ምን እንደሚጽፍ መወሰን ነው። በዚህ ላይ ኩባንያዎቹ ከምንጠብቀው በላይ ሰጥተዋል።

ኢንስታግራም ከ2021 ጀምሮ «ሂድን ወርድስ» አለው። የራሳችሁን የቃላትና የኢሞጂ ዝርዝር ታስገባላችሁ፣ ኮመንቱና ከማታውቁት ሰው የሚመጣው ሜሴጅ ይደበቃል። ሜታ ባዘጋጀው ዝርዝር ብቻ አትተማመኑ። የአማርኛን ስድብ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ራሳችሁ ጻፉት። ፊታቸውን አሳይተው ለሚሠሩ ሴቶች ይህ የመጀመሪያ ቀን ሥራ መሆን አለበት።

ፌስቡክ ፔጅ ላይም ቃል ማገድ ይቻላል። አንድ ነገር ግን እወቁ። የተደበቀ ኮመንት ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ መታየቱን አያቆምም። አንዳንዴ ይህ ጥቅም ነው፤ ተሳዳቢው እንደተደበቀ ሳያውቅ ለራሱ ይጮኻል። ዛቻ ከሆነ ግን ፎቶ አንሱት፣ ሪፖርት አድርጉት፣ ከዚያ አጥፉት። ዩቲዩብና ቲክቶክ ደግሞ ኮመንት ሁሉ መጀመሪያ በእናንተ እጅ እንዲያልፍ ማድረግ ይፈቅዳሉ። ለትንሽ ቻናል ጥሩ ነው። ቪዲዮው በመቶ ሺህ ቪው ሲመታ ግን ሰው መቅጠር ያስፈልጋል።

ቴሌግራም፦ ምርጫው የእናንተ፣ ጥበቃው የማንም

ቴሌግራም ላይ ዋናው ዝርዝር የሚደረደረው በሰዓት ነው። የመጨረሻ የጻፈው ላይ ይወጣል፣ አለቀ። ፎልደር ሠርታችሁ ዜናውን ለብቻ፣ ቤተሰቡን ለብቻ፣ ሥራውን ለብቻ ማድረግ ትችላላችሁ። የሚጮኸውን ሚዩት፣ የማያስፈልገውን አርካይቭ። ያስተካከላችሁት ይጸናል። በመጀመሪያው ጥያቄዬ ከትልልቆቹ አፖች ሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኘው ይህ ነው። የዜና ሰዎች ወደዚያ የሄዱትም በከንቱ አይደለም።

ዛሬውኑ ልታስተካክሏቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የማታውቁት ሰው ተነስቶ የብር ማባዣ ግሩፕ ውስጥ ይጨምራችኋል አይደል? ፕራይቬሲ ውስጥ ግሩፕና ቻናል የሚለውን ከፍታችሁ «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት። ከዚያ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉ። ፓኬጃችሁም ያመሰግናችኋል፣ ሳትጠይቁ ከሚመጣ ዘግናኝ ምስልም ትድናላችሁ።

ጥበቃው ላይ ግን እጃችሁ ባዶ ነው። የቻናል ባለቤት ንጉሥ ነው። የሚለጥፈውንም፣ የሚያጠፋውንም፣ ኮመንት መኖር አለመኖሩንም እሱ ይወስናል። ግሩፕ የምታስተዳድሩ ከሆነ መሣሪያው አላችሁ። መልእክት እየቆየ እንዲላክ ማድረግ፣ ሊንክና ምስል መከልከል፣ እንደ ሮዝና ኮምቦት ያሉ ቦቶችን (ግሩፑን በራሳቸው የሚጠብቁ ፕሮግራሞችን) ማስገባት ትችላላችሁ። ተራ አባል ከሆናችሁ ያላችሁ ምርጫ መውጣት ነው። እናንተ በሌላችሁበት ቻናል ስለ እናንተ የሚወራውን ደግሞ ማየትም መከልከልም አትችሉም። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በ2024 ነሐሴ ፈረንሳይ ውስጥ የታሰረው ከዚሁ ከጥበቃ ጉድለት ጋር በተያያዘ ክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ደንብ የጣሰን ሰው ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ በሕጋዊ ጥያቄ ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታውቋል። ይህ ለአንዳንዱ መፍትሔ ነው፣ ለሌላው ስጋት።

ሌላ ሰው ቁልፍ ቢሠራልንስ?

ኩባንያዎቹ ጥሩ ቁልፍ ካልሰጡን ከውጭ ያለ ባለሙያ ለምን አይሠራልንም? ተሞክሯል። አንድ እንግሊዛዊ ፕሮግራመር ፌስቡክ ላይ ሁሉንም ሰውና ፔጅ በአንዴ አንፎሎው የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ፊዱ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ እናንተ መርጣችሁ ትሞላላችሁ። ፌስቡክ በ2021 የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከለት፣ አካውንቱንም ዘጋ። በ2024 ኢታን ዙከርማን የተባሉ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ተመሳሳይ መሣሪያ እንዲፈቀድላቸው ሜታን ከሰሱ። ዳኛዋ መሣሪያው ገና አልተሠራም ብለው መዝገቡን ዘጉት። ትዊተር ላይ ተሳዳቢዎችን የሚያጣራ ብሎክ ፓርቲ የሚባል አገልግሎትም ነበር። ኩባንያው ለውጭ ፕሮግራመሮች የሚያስከፍለውን ዋጋ ሲሰቅለው በ2023 ግንቦት ሥራውን አቆመ።

በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ የተሠራ ቁልፍ ዕድሜው በግቢው ባለቤት ፈቃድ ነው። ማስቶዶንና ብሉስካይ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

ማስቶዶን

በ2016 ጀርመን ውስጥ ኦይገን ሮሽኮ የጀመረው ነው። አንድ ኩባንያ የለውም። ብዙ ሰርቨሮች፣ ማለትም የተለያዩ ሰዎች የሚያስተዳድሯቸው ኮምፒውተሮች አሉ፣ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አደረጃጀቱ የእኛን ዕድር ይመስላል። እያንዳንዱ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ወጪ አለው። ደንቡ ካልተመቻችሁ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። ፎሎወሮቻችሁ አብረዋችሁ ይመጣሉ፣ የድሮ ፖስቶቻችሁ ግን እዚያው ይቀራሉ።

ፊዱ በሰዓት ነው የሚሄደው። የሚመርጥላችሁ ማሽን የለም። አንድን ሰው ብቻ ሳይሆን አንድን ሰርቨር ሙሉውን ብሎክ ማድረግ ትችላላችሁ። የሰርቨሩ አስተዳዳሪም እንዲሁ፣ ለአባላቱ በሙሉ።

ጉድለቱ እዚያው ጥንካሬው ውስጥ ነው። የጥበቃው ጥራት በአስተዳዳሪው ይወሰናል፣ አስተዳዳሪው ብዙውን ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ፈቃደኛ ነው። አማርኛ የማያውቅ አስተዳዳሪ ያለበት ሰርቨር ላይ ሪፖርት ብታደርጉ ምን ይፈርዳል? በቴክኒክ የሚችሉ ጥቂት ወጣቶች የራሳቸውን ሰርቨር ቢያቆሙ ግን አማርኛ የሚያነብ ዳኛ ያለው መድረክ ይኖረናል። ፌስቡክ ላይ ይህን ለዓመታት ስንለምን ኖረናል።

ብሉስካይ

የብሉስካይ ሐሳብ የተነሳው ከራሱ ከትዊተር ቤት ነው። የያኔው የትዊተር ዋና ሥራ አስኪያጅ ጃክ ዶርሲ በ2019 ታኅሣሥ አስታወቁት፣ በኋላ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ፣ በ2024 የካቲት ያለ ግብዣ ለሁሉም ተከፈተ። በ2025 መጀመሪያ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። ከፌስቡክ ጋር ሲነጻጸር እፍኝ ነው። በዚህ ጽሑፍ ርዕስ ግን ከሁሉ ርቆ የሄደው እሱ ነው።

መጀመሪያ ፊዱ። «ዲስከቨር» የሚባለው የኩባንያው አልጎሪዝም አለ፣ ግን ከመነሻ ገጻችሁ ልታነሱት ትችላላችሁ። በምትኩ ሌላ ሰው የሠራውን ፊድ ትሰካላችሁ። የፎቶ ብቻ፣ የሳይንስ ብቻ፣ ጓደኞቻችሁ ላይክ ያደረጉት ብቻ። በአማርኛ የተጻፈውን የሚሰበስብ ፊድ መሥራትም ይቻላል፤ ፖስቶች የቋንቋ ምልክት ይይዛሉ። እናንተ የደረደራችሁት ቅደም ተከተል አፑ ሲዘጋና ሲከፈት አይለወጥም።

ከዚያ ጥበቃው። ኩባንያው የራሱ ተቆጣጣሪዎች አሉት፣ እነሱን ማጥፋት አይቻልም። በላያቸው ግን ከ2024 መጋቢት ጀምሮ ሌሎች «ሌብለሮችን» መጨመር ይቻላል፣ እስከ 20። ሌብለር ማለት ፖስትና አካውንት ላይ ምልክት የሚለጥፍ ሰው ወይም ቡድን ነው። «ይህ ያልተረጋገጠ ነው»፣ «ይህ ደም ያለበት ምስል ነው» ይላል። ምልክቱ ያለበትን ምን እንደምታደርጉ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ደብቅልኝ፣ አስጠንቅቀኝ፣ ወይም ተወው። መሥሪያ መሣሪያው በነጻ ተለቅቋል። አንድ የአማርኛ ሐቅ አጣሪ ቡድን ኩባንያውን ሳያስፈቅድ ይህን ሥራ ሊጀምር ይችላል።

የሚያሳስበኝም አለ። አንድ ሰው ያዘጋጀውን የብሎክ ዝርዝር በአንድ ንክኪ መቀበል ይቻላል። በእኛ ፖለቲካ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርዝር ማን ያዘጋጀዋል? የአንድ ጎራ ሰው ያዘጋጀውን ከወሰዳችሁ የሌላውን ጎራ ሰላማዊ ሰው ሁሉ አብራችሁ ትዘጋላችሁ። ዝርዝሩን ከመቀበላችሁ በፊት ስሞቹን አንብቡ። ሌላው ደግሞ ብሉስካይ ላይ ብሎክ ምስጢር አይደለም፤ ማን ማንን እንደዘጋ ፈልጎ ማወቅ ይቻላል። ሚዩት ነው ምስጢር። የሥራ ባልደረባችሁን በሚዩት ያዙት።

ቁልፍ የማይደርስበት

እስካሁን ያወራሁት እናንተ ስለምታዩት ነው። ሌላው ሰው ስለ እናንተ የሚያየው በእናንተ ቁልፍ አይዘጋም። በ2021 ኅዳር የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አባት ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ከተለጠፈ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ፖስቶቹን ሪፖርት አድርጎ ነበር። በ2022 ታኅሣሥ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ኩባንያው ጥላቻን ወደ ላይ የሚገፋውን አልጎሪዝም እንዲቀይር ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 ሚያዝያ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ሟቹ የፈለጉትን ያህል ቃል ቢያግዱ ኖሮ ምንም አይለወጥም ነበር። ስለዚህ «ቁልፉን ለተጠቃሚው ሰጥተናል» የሚል ኩባንያ የራሱን ጥበቃ ለመቀነስ እንደ ሰበብ ሲጠቀምበት አልቀበለውም።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁ ሕግ ይደግፋችኋል። ከ45 ሚሊዮን በላይ ወርኃዊ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ በግል መረጃችሁ ላይ ያልተመሠረተ ፊድ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው ቲክቶክ ላይ ግላዊ ምርጫውን አጥፍቶ በአካባቢውና በዓለም ዙሪያ የተወደደውን ማየት ይችላል። አሜሪካ፣ እስራኤልና ገልፍ ያላችሁ ይህ ሕግ የላችሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህ 2012 በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 2020) ሌላ መንገድ ነው የያዘው። መድረኮች ጥቆማ ሲደርሳቸው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በ24 ሰዓት እንዲያነሱ ይላል። ስለ ፊድ ምርጫ አያወራም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ደግሞ ቅጣቱ ይከብድበታል።

እና ምን ልምረጥ?

ቅሬታችሁ የቅደም ተከተል ብቻ ከሆነ የትም አትሂዱ። ዩቲዩብ ላይ የታዩ ቪዲዮዎችን ዝርዝር አጥፍታችሁ መመዝገቡን አስቁሙ፣ ፌስቡክ ላይ አንፎሎው አድርጉ፣ ዜናውን በቴሌግራም ፎልደር ያዙ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

ልጅ ካላችሁ ቲክቶክን ብቻውን አትስጡት። «ፋሚሊ ፔሪንግ» የእናንተን አካውንት ከልጁ ጋር ያገናኛል፣ የሰዓት ገደብና የቃል ማገጃ ከእናንተ ስልክ ይቀመጣል። ዩቲዩብ ኪድስ በሚገኝበት አገር ካላችሁ ግን እሱ ይሻላል። ወላጅ የፈቀደው ቪዲዮ ብቻ እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ አለው።

በስድብና በዛቻ የተቸገራችሁ ከሆነ ቴሌግራምን እንደ መሸሸጊያ አትዩት። የቃል ዝርዝራችሁን ሥሩ፣ ኢንስታግራምና ፌስቡክ ላይ አስገቡት፣ አዲስ ነገር የምትለጥፉበትን ቦታ ወደ ብሉስካይ ወይም ጥሩ አስተዳዳሪ ወዳለው ማስቶዶን አሸጋሽጉ። ከሁለቱ እኔ ለአማርኛ ተጠቃሚ ብሉስካይን አስቀድማለሁ። ሰርቨር ምረጡ አይልም፣ አጀማመሩ ቀላል ነው። የማስቶዶን ቃል ማገጃ ቢኖረው ኖሮ ክርክሩ ያልቅ ነበር።

ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ሰው የሌለበት ፊድ ምንም ያህል ቢስተካከል በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ብሉስካይ «ስታርተር ፓክ» የሚባል ነገር አለው፤ እስከ 150 ሰው የያዘ ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ሊንኩን ትልካላችሁ፣ የተቀበለው በአንድ ንክኪ ሁሉንም ፎሎው ያደርጋል። ከቴሌግራም ግሩፓችሁ የሚጽፉትን ሰዎች አሰባስቡ፣ አካውንት ይክፈቱ፣ ፓኩን ሠርታችሁ እዚያው ግሩፕ ላይ ልቀቁት።